የኳርተርባክ ዋጋ ከየት ይመጣል?

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 የዳላስ ካውቦይስ ክለብ ከኳርተርባኩ ከዳክ ፕሬስኮት ጋር የአራት ዓመት ውል ተፈራረመ (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ውሉ 240 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል። ሲካፈል በዓመት 60 ሚሊዮን ይደርሳል፤ በአሜሪካ ፉትቦል ታሪክ እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን ያህል የተከፈለው ተጫዋች አልነበረም። ፕሬስኮት ስምንት የውድድር ዘመን ተጫውቶ አንድም ጊዜ ለሊጉ የዋንጫ ፍጻሜ፣ ለሱፐር ቦውል፣ አልደረሰም። በዚያው ሰሞን ሦስት ሱፐር ቦውል ያሸነፈው የካንሳስ ሲቲው ፓትሪክ ማሆምስ በዓመት በአማካይ 45 ሚሊዮን በሚታሰብ ውል ይጫወት ነበር። ከሰባት ወር በፊት ሳን ፍራንሲስኮን ይዞ ለሱፐር ቦውል የደረሰው ብሮክ ፐርዲ ደግሞ ደመወዙ አንድ ሚሊዮን እንኳ አይሞላም።

ሦስቱም አንድ ሥራ ይሠራሉ። ውጤታቸውና ክፍያቸው ግን ጎን ለጎን ሲቀመጥ የተገላቢጦሽ ነው። ስለ ኳርተርባክ ገበያ የተጻፈውንና የተደረገውን ስመረምር የደረስኩበት ፍርድ ይህ ነው፦ ክለቦች የተጫዋቹን ችሎታ በትክክል መዝነው አይከፍሉም፤ የሚከፍሉት ውሉ በሚያልቅበት ቀን በያዛቸው ፍርሃት ልክ ነው። ፍርሃቱን የሚያከብደው ወይም የሚያቀለው ደግሞ ሕጉ ነው።

ጨዋታውን በቅርብ ለማይከታተል አንባቢ ጥቂት ልበል። ኳርተርባክ ማለት በማጥቃት ጊዜ ኳሱ ከመሬት እንደተነሣ እጁ የሚገባለት ተጫዋች ነው። ወርዋሪው እሱ፣ ለሯጭ አቀባዩ እሱ፣ የተከላካዩን አሰላለፍ አንብቦ ዕቅዱን በሰከንዶች ውስጥ የሚለውጠውም እሱ ነው። ኤንኤፍኤል በሚባለው ሊግ 32 ክለቦች አሉ፤ ለሥራው በእርግጥ የሚበቁ ሰዎች ግን ሠላሳ ሁለት ሞልተው አያውቁም። ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ዋሽንግተን፣ ዳላስ፣ ዴንቨር፣ ሲያትል፣ ሚኒያፖሊስ፣ አትላንታ፣ እነዚህ ሁሉ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ከተሞች ናቸው፤ ከዚህ በታች ከሚነሡት ታሪኮች አንዳንዶቹም የተፈጸሙት እነሱ ውስጥ ነው።

ከዋጋው በፊት ጣሪያውን ማወቅ ያስፈልጋል። ከ1994 ጀምሮ እያንዳንዱ ክለብ ለተጫዋቾቹ በዓመት ሊያወጣ የሚችለው ገንዘብ በሕግ ተወስኗል። በመጀመሪያው ዓመት 34.6 ሚሊዮን ነበር፤ በ2024 ወደ 255.4 ሚሊዮን፣ በ2025 ወደ 279.2 ሚሊዮን አደገ። ስለዚህ የክለቡ ባለቤት ምንም ያህል ሀብታም ቢሆን ለኳርተርባኩ የሚጨምረው እያንዳንዱ ዶላር ከሌላ ተጫዋች ድርሻ የሚነሣ ነው። የፕሬስኮት 60 ሚሊዮን በተፈረመበት ዓመት ጣሪያ ሲለካ ከሩብ ትንሽ ብቻ ያነሰ ነበር። ቀሪው ለሃምሳ ሁለት ሰው ይከፋፈላል። በአውሮፓ እግር ኳስ አንድ ክለብ ተሳስቶ ውድ ተጫዋች ቢገዛ ሌላ ገዝቶ ሊያርም ይችላል፤ እዚህ ግን ስሕተቱ ዓመታት ይከተለዋል።

ታዲያ ሚዛኑ ምንድን ነው? በሊጉ ዘንድ የቆየው መለኪያ በ1973 ሥራ ላይ የዋለው የወርዋሪ ነጥብ ነው። አራት ነገሮችን ይቆጥራል፦ ከተወረወሩት ስንቱ ለተቀባይ ደረሰ፣ በአንድ ውርወራ ስንት ያርድ ተገኘ፣ ስንቱ ተችዳውን (ከግብ መስመሩ ማዶ ደርሶ ነጥብ) ሆነ፣ ስንቱ በተጋጣሚ ተነጠቀ። ከፍተኛው ውጤት 158.3 ነው። ኳርተርባኩ ራሱ ሮጦ ያገኘውን አይቆጥርም፤ ኳስ እንደያዘ ተጠልፎ ሲወድቅ ያጠፋውንም አይቆጥርም። ሦስት ያርድ ብቻ በቀረበት ወሳኝ ቅጽበት የተገኘ አራት ያርድና ጨዋታው ካለቀለት በኋላ የተገኘ አራት ያርድ ለዚህ መለኪያ እኩል ናቸው።

የተሻለው ሐሳብ ግን ከዚህ መለኪያ በፊት ነበረ። በ1971 ቨርጂል ካርተር የተባለ፣ ራሱ በሊጉ የሚጫወት ኳርተርባክ፣ ከሮበርት ማኮል ጋር ሆኖ ኳሱ በሜዳው ላይ ያለበት ቦታ በአማካይ ስንት ነጥብ እንደሚያወጣ አሰላ። የእያንዳንዱ የማጥቃት ሙከራ ዋጋ ከሙከራው በፊትና በኋላ ባለው ግምት መካከል ያለው ልዩነት ነው ማለት ነው። ክለቦች ሐሳቡን ለአሥርት ዓመታት ችላ ብለውት ኖሩ። ዛሬ ከሊጉ ውጭ ያሉ ብዙ ተንታኞች የሚሠሩበት የሚጠበቅ ነጥብ ስሌት ከዚያ የመነጨ ነው። ቀጥሎም በተጫዋቾች የትከሻ መከላከያ ውስጥ የምትቀመጥ ትንሽ ቺፕ መጣች፤ ተቀባዩ ከተከላካዩ ምን ያህል እንደራቀ፣ ውርወራው ምን ያህል ከባድ እንደነበረ ትለካለች።

ይህ ሁሉ ተሠርቶም አንድ ችግር አልተፈታም። ኳርተርባክ ብቻውን አይጫወትም። የጆሽ አለንን ነገር ተመልከቱ። በዋዮሚንግ ዩኒቨርሲቲ ሲጫወት ከወረወራቸው ኳሶች ለተቀባይ የደረሱት 56 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ ቁጥር አዋቂዎች ይህ ልጅ አይሆንም አሉ። ቡፋሎ በ2018 የአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ በሰባተኛ ተራ መረጠው። በመጀመሪያው ዓመት 52.8 በመቶ፣ በሁለተኛው 58.8 በመቶ አደረሰ። ተንታኞቹ ልክ የነበሩ መሰሉ። በ2020 ግን ቁጥሩ በአንድ ጊዜ ወደ 69.2 ተመነጠቀ። ክንዱ ያው ክንድ ነው። የተለወጠው ምንድን ነው? በዚያው ዓመት ስቴፎን ዲግስ የተባለ ድንቅ ተቀባይ ከሚኒሶታ መጣ፤ የማጥቃት አሠልጣኙ ብራያን ዳቦልም ሥራውን ለልጁ ተፈጥሮ አስማምቶ ነበር። አለን ራሱ አወራወሩን ከሥሩ አርሞታል የሚሉም አሉ። ሦስቱም እውነት ነው፤ ለእያንዳንዱ ስንት እጅ ድርሻ እንደሚሰጥ ግን የትኛውም ስሌት አይናገርም። ዲግስ በ2024 ወደ ሂውስተን ሲሄድ አለን በዚያው ዓመት የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተባለ፤ በቀጣዩ መጋቢትም የስድስት ዓመት 330 ሚሊዮን ፈረመ። የራሱ ድርሻ ትልቅ እንደነበረ የተረጋገጠው ዲግስ ከሄደ በኋላ ነው ማለት ነው። ማሆምስም ምርጥ ተቀባዩ ታይሪክ ሂል በ2022 ወደ ማያሚ ከተሸጠበት በኋላ ሁለት ሱፐር ቦውል በተከታታይ አሸንፏል።

ስለዚህ የኔ ሚዛን ከቁጥር ሰንጠረዡ ይልቅ ይህ ነው፦ ረዳቶቹ ሲነሡበት ምን ቀረ? ፐርዲን በዚህ ስንመዝነው መልሱ ይደባለቃል። በ2023 በወርዋሪ ነጥብ ሊጉን መርቷል፤ ዙሪያውን ግን እንደ ክርስቲያን ማካፍሪና ትሬንት ዊልያምስ ያሉ ምርጦች ከበውት፣ በካይል ሻናሃን አሠልጣኝነት ነበር። በ2024 ብዙዎቹ ሲጎዱ ቡድኑ 6 አሸንፎ 11 ተሸነፈ። ክለቡ ግን በግንቦት 2025 የአምስት ዓመት 265 ሚሊዮን ሰጠው። ይህን ስሕተት አልለውም። ፐርዲ ቢሄድ የሚተካው ማን እንደሆነ ክለቡ ያውቅ ነበር፤ ማንም አልነበረም።

የምርጫው ነገር ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡትን ክለቦች በተራ ይመርጣሉ፤ ድራፍት ይባላል። በ2018 በመጀመሪያው ዙር አምስት ኳርተርባኮች ተመረጡ፦ ቤከር ሜይፊልድ አንደኛ፣ ሳም ዳርኖልድ ሦስተኛ፣ አለን ሰባተኛ፣ ጆሽ ሮዘን አሥረኛ፣ ላማር ጃክሰን ሠላሳ ሁለተኛ። ሮዘንን የመረጠው አሪዞና በዓመቱ ሸጠው። ሜይፊልድንና ዳርኖልድንም የመረጧቸው ክለቦች ቆይተው ሸጧቸው፤ ሁለቱም በሌላ ከተማ ነው የተነሡት። መጨረሻ ላይ የቀረው ጃክሰን በ2019ና በ2023 የሊጉ ኮከብ ሆነ። ቶም ብሬዲ በ2000 ዓ.ም. 199ኛ መመረጡ፣ ሰባት ሱፐር ቦውል ማሸነፉ ብዙ ጊዜ የሚነገር ነው። የዋሽንግተኑ ግን ይበልጥ አስተማሪ ይመስለኛል። ክለቡ በ2012 ሮበርት ግሪፊን ሦስተኛውን በሁለተኛ ተራ ለመምረጥ ሲል ለሴንት ሉዊስ ሦስት የመጀመሪያ ዙር ዕድሎችን አሳልፎ ሰጠ። በዚያው ድራፍት በ102ኛ ተራ ከርክ ከዝንስን ደርቦ ያዘ። ግሪፊን የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ቢባልም በዚያው የውድድር ዘመን ጉልበቱ ተጎዳና ወደ ቀድሞ ብቃቱ አልተመለሰም። ለረጅም ዓመት የተጫወተው በርካሽ የመጣው ከዝንስ ነው።

ኬድ ማሲና በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ሪቻርድ ቴለር ይህን ጉዳይ በጥናት ፈትሸውታል። ክለቦች ለመጀመሪያዎቹ ተራዎች ከሚገባው በላይ እንደሚከፍሉ፣ የኋለኞቹ ተራዎች ከዋጋቸው አንጻር እንደሚሻሉ አሳይተዋል። ዴቪድ ቤሪና ሮብ ሲመንስ ኳርተርባኮችን ለይተው ሲያጠኑ ደግሞ የምርጫ ተራ በሜዳ በእያንዳንዱ ሙከራ ከሚታየው ብቃት ጋር ያለው ግንኙነት ደካማ ሆኖ አገኙት። አስቀድሞ የተመረጠው ብዙ የሚሰለፈው ክለቡ ብዙ ስላወጣበት ጭምር ነው። ወንደርሊክ የሚባለው የአእምሮ ፈተና ለአሥርት ዓመታት ከተሰጠ በኋላ በ2022 ከድራፍት ዝግጅት ተነሣ። ያለፈ ዘመን ነገር ስለሆነ እዚህ ላይ አልቆይም።

የምቆየው ሚዛኑ በቆዳ ቀለም በተዛባበት ታሪክ ላይ ነው፤ ያለዚህ የኳርተርባክ ዋጋ ታሪክ ሙሉ አይሆንም። ዋረን ሙን በ1978 ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሲወጣ የዩኒቨርሲቲዎች ግጥሚያ የሆነው የሮዝ ቦውል ምርጥ ተጫዋች ነበር። በአሥራ ሁለት ዙር ምርጫ ስሙን የጠራ ክለብ አልተገኘም። ወደ ካናዳ ተሻግሮ ከኤድመንተን ጋር አምስት ዋንጫ በተከታታይ አነሣ፤ በ1984 ሂውስተን ወሰደው፤ በ2006 ወደ ዝና አዳራሽ ገባ። በዚያው በ1978 በመጀመሪያው ዙር የተመረጠው ደግ ዊልያምስ ደግሞ የታምፓ ቤይን ክለብ በአምስት ዓመት ሦስት ጊዜ ለጥሎ ማለፍ አደረሰው። ያ ክለብ ሲመሠረት የመጀመሪያዎቹን 26 ጨዋታዎች በሙሉ የተሸነፈ ነበር። የዊልያምስ ደመወዝ 120,000 ዶላር ነበር፤ ተጠባባቂ ወንበር ላይ የሚቀመጡ አሥራ ሁለት ኳርተርባኮች ከእሱ ይበልጥ ይከፈላቸው ነበር። 600,000 ጠየቀ። የክለቡ ባለቤት ሂው ከልቨርሃውስ ከ400,000 አልፍም አሉ። ለቆ ሄደ። በጥር 1988 ለዋሽንግተን ተሰልፎ በአንድ ሩብ ብቻ አራት ተችዳውን ወርውሮ ዴንቨርን 42 ለ 10 አሸነፈ፤ የሱፐር ቦውሉም ኮከብ ተባለ። በ200,000 ዶላር ልዩነት የተጣለው ሰው ይህ ነው። ሠላሳ ዓመት አልፎ እንኳ ቢል ፖሊያን የተባሉት አንጋፋ የክለብ አስተዳዳሪ ላማር ጃክሰን ወርዋሪ መሆኑን ትቶ ተቀባይ ቢሆን ይሻለዋል ብለው ነበር፤ በኋላ መሳሳታቸውን አምነዋል። በየካቲት 2023 ማሆምስና ጄለን ኸርትስ ሲገናኙ በሱፐር ቦውል ሁለቱም ኳርተርባኮች ጥቁሮች ሲሆኑ የመጀመሪያው ነበር።

አሁን ወደ ክፍያው። በ2010 አንደኛ የተመረጠው ሳም ብራድፈርድ አንድም ጨዋታ ሳይጫወት የስድስት ዓመት 78 ሚሊዮን ውል አገኘ፤ 50 ሚሊዮኑ በዋስትና። በ2011 በሊጉና በተጫዋቾች ማኅበሩ መካከል ያለው የሠራተኛ ስምምነት ተለወጠ። በዚያ ዓመት አንደኛ የተመረጠው ካም ኒውተን የአራት ዓመት 22 ሚሊዮን ብቻ ፈረመ። ገንዘቡ ለነባር ተጫዋቾች ይተርፋል ተብሎ ነበር። እውነተኛው ውጤት ግን ክለቦች ጎበዝ ወጣት ኳርተርባክ የያዙበትን አራት ዓመት እንደ ወርቅ ዘመን ማየታቸው ነው። ሲያትል በ2013 የውድድር ዘመን ለራስል ዊልሰን የከፈለው ወደ 526,000 ዶላር ነበር፤ በተረፈው ገንዘብ አስፈሪ መከላከያ ገነባና የፔይተን ማኒንግን ዴንቨር 43 ለ 8 አሸነፈ። ሳን ፍራንሲስኮ በ2021 ትሬይ ላንስን በሦስተኛ ተራ ለመምረጥ ሦስት የመጀመሪያ ዙር ዕድል ከፍሎ ሲከስር፣ በዓመቱ በ262ኛ፣ ማለትም በመጨረሻው ተራ ያገኘው ፐርዲ ያን ሁሉ ኪሳራ ሸፈነለት።

ውሉ ሲያልቅ ተጫዋቹ ነጻ ይወጣል ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል። ክለቡ ፍራንቻይዝ ታግ በሚባለው መብት ለአንድ ዓመት ሊያስረው ይችላል። ዋሽንግተን በከዝንስ ላይ እርግጠኛ ስላልነበረ በ2016 ወደ 19.95 ሚሊዮን፣ በ2017 ደግሞ 20 በመቶ ጨምሮ 23.94 ሚሊዮን ከፍሎ ያዘው። በሁለት ዓመት 44 ሚሊዮን ገደማ ወጣ። በ2018 ከዝንስ ወደ ሚኒሶታ ሄዶ የሦስት ዓመት 84 ሚሊዮን፣ ሙሉ በሙሉ በዋስትና ፈረመ። መወሰን ያልቻለው ዋሽንግተን ባዶ እጁን ቀረ።

ትልቁ ብክነት የሚታየው በመካከለኞቹ ላይ ነው። ምርጦቹ ዋጋቸውን ይመልሳሉ፤ መካከለኛው ግን የሚከፈለው ከእሱ በፊት የፈረመው ሰው ስንት አገኘ ተብሎ ነው። ኒው ዮርክ ጃይንትስ በ2022 ለዳንኤል ጆንስ አምስተኛ ዓመት 22 ሚሊዮን ገደማ ለመክፈል እምቢ አለ። ጆንስ አንድ ደህና ዓመት ሲያሳልፍ በመጋቢት 2023 የ160 ሚሊዮን ውል ሰጠው፤ በኅዳር 2024 አሰናበተው። ዴንቨር ራስል ዊልሰንን ከሲያትል አምጥቶ ገና አንድ ጨዋታ ሳይጫወትለት የ242.6 ሚሊዮን ማራዘሚያ ፈረመለት፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲለቀው 85 ሚሊዮን ዶላር በሁለት ዓመት ጣሪያው ላይ ተመዘገበበት።

ይህ ከሄደ ሰው ጋር የሚቀር ዕዳ ከየት ይመጣል? ክለቦች የፊርማ ገንዘቡን ዛሬ በእጅ ሰጥተው በሂሳብ ላይ እስከ አምስት ዓመት ይበትኑታል። ዕቁብ ቀድሞ እንደወጣለት ሰው ነው፤ ገንዘቡ ተበልቶም ቢሆን ዙሩ እስኪያልቅ መክፈሉ አይቀርም። ተጫዋቹ ሲሰናበት የቀረው ሁሉ ተጠራቅሞ ይመጣል።

ከሁሉ የከበደው ክሊቭላንድ የሠራው ነው። በ2022 ዴሾን ዋትሰንን ለማምጣት ሦስት የመጀመሪያ ዙር ዕድል ሰጠ፤ 230 ሚሊዮን ዶላርም ሙሉ በሙሉ በዋስትና። በዚያን ጊዜ ከሃያ በላይ ሴቶች በጾታዊ ጥቃት በፍትሐ ብሔር ከሰውት ነበር፤ ሊጉም 11 ጨዋታ አገደው። በሦስት ዓመት የተሰለፈው 19 ጨዋታ ብቻ ነው። ክለቡ የራሱን ሚዛን ብቻ ሳይሆን የሥነ ምግባር መስፈርቱንም በፍርሃት አሽቀንጥሮ ጥሏል፤ ይህን ለስለስ አድርጎ የሚያልፍ ጸሐፊ አንባቢውን ይበድላል።

ያ ውል ሌላም መዘዝ ነበረው። በ2023 ላማር ጃክሰን ተመሳሳይ ሙሉ ዋስትና ፈልጎ እንደነበር በሰፊው ተዘግቧል። ባልቲሞር ሌሎች ክለቦች ሊያናግሩት በሚችሉበት ዓይነት ታግ አስቀመጠው። የሊጉን ኮከብ የጠየቀ አንድም ክለብ አልመጣም። በመጨረሻ 260 ሚሊዮን፣ 185 ሚሊዮኑ በዋስትና፣ ከባልቲሞር ጋር ፈረመ። የተጫዋቾች ማኅበሩ ቀደም ብሎ በ2022 ባለቤቶቹ ተመሳጥረዋል ብሎ ከስሶ ነበር። ገላጋይ ዳኛው በጥር 2025 ሊጉ ክለቦቹን ዋስትና እንዲቀንሱ መገፋፋቱን አረጋገጡ፤ ክለቦቹ በርግጥ ተስማምተው ለመፈጸማቸው ግን በቂ ማስረጃ አላገኙም። የዋጋው አንዱ ክፍል በሜዳ ሳይሆን በባለቤቶች ስብሰባ ይወሰን እንደነበር ለማመን ይህ ለኔ በቂ ነው።

ውድ ኳርተርባክ ይዞ ማሸነፍ አይቻልም የሚለው አባባል ግን አብቅቶለታል። ለረጅም ጊዜ እንደ ሕግ ይጠቀስ ነበር፤ በ1994 ከጣሪያው 13.1 በመቶ የያዘው ስቲቭ ያንግ ካሸነፈ በኋላ ከዚያ ከፍ ያለ ድርሻ ይዞ ዋንጫ ያነሣ ስላልነበረ። በ2022 የውድድር ዘመን ማሆምስ 17.2 በመቶ ያህል ይዞ አሸነፈ። ፊላደልፊያም ለኸርትስ 255 ሚሊዮን ፈርሞ፣ ክፍያውን በብልሃት በትኖ፣ በየካቲት 2025 ካንሳስ ሲቲን 40 ለ 22 ረታ። ክለብን የሚጎዳው መካከለኛውን በምርጥ ዋጋ መግዛቱ ነው።

እንግዲህ በዚህ ገበያ ከሁሉ የሚበደሉት ገና በመጀመሪያ ውላቸው ላይ ሆነው ቡድን የሚሸከሙት ወጣቶች ናቸው። በመጋቢት 2020 የጸደቀውና እስከ 2030 የውድድር ዘመን የሚሠራው ስምምነት በድራፍት የተመረጠ ተጫዋች ሦስት የውድድር ዘመን ሳይጨርስ ውሉን እንዳያሻሽል ይከለክላል። በዋሽንግተን ጄይደን ዳኒየልስ በ2024 በመጀመሪያ ዓመቱ ክለቡን እስከ ምድብ ፍጻሜ ሲያደርስ በአራት ዓመት 38 ሚሊዮን ገደማ በሚከፍል ውል ታስሮ ነበር፤ የፕሬስኮት የአንድ ዓመት አማካይ ከዚያ ይበልጣል። በአንድ ክፉ ምት ሙያው ሊያልቅ ለሚችል ሰው ሦስት ዓመት ረጅም ነው። የተጫዋቾች ማኅበሩ ለቀጣዩ ድርድር ሲቀመጥ ሦስቱን ዓመት ወደ ሁለት እንዲያወርድ ሊታገል ይገባዋል፤ አንባቢም የሚቀጥለውን የመቶ ሚሊዮኖች ዜና ሲሰማ ከጠቅላላው ድምር በፊት በዋስትና የተያዘው ስንት እንደሆነ ይጠይቅ።